ሞሪስ አንድሬና ፒኮሎ ትራምፔት

ሞሪስ አንድሬ እ.ኤ.አ. በ1933 በደቡብ ፈረንሳይ፣ አሌስ ከተማ ከማዕድን ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ ከሥራ መልስ ትራምፔት ይነፉ ነበር። ልጁም በ14 ዓመቱ ድንጋይ ከሰል ቁፋሮ ገባ። ለሙዚቃ ትምህርት የሚከፍለው ስላልነበረው በኋላ ወታደራዊ ባንድ ተቀላቀለ፤ የባንድ አባል በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ያለ ክፍያ መማር ይችል ነበርና።

መምህሩ ሬይሞን ሳባሪሽ፣ በደንብ ባለመለማመዱ ተቆጥተው «አጥርተህ መጫወት ስትችል ተመለስ» የሚል ይዘት ያለው ተግሣጽ ሰጥተው እንዳሰናበቱት ይነገራል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ተመልሶ በአርባን የትራምፔት መማሪያ መጽሐፍ መጨረሻ ያሉትን 14 ከባድ ልምምዶች ያለ ስህተት ተወጣቸው። በ1955 የጄኔቫን ውድድር አሸነፈ። በ1963 ወደ ሙኒክ ውድድር በዳኝነት ሲጋበዝ ደግሞ ዳኝነቱን ትቶ ተወዳደረና አንደኛ ወጣ፤ ስም ካገኙ በኋላ እንዲህ የሚደፍሩ ጥቂቶች ናቸው።

ስሙ በይበልጥ የተያያዘው ከፒኮሎ ትራምፔት ጋር ነው። የቱቦዋ ርዝመት የተለመደው ትራምፔት ግማሽ ያህል ነው። ብዙ ሰው ታዲያ ከፍተኛውን ድምፅ መሣሪያዋ ራሷ የምታወጣ ይመስለዋል። አይደለም፤ ለአንድ ኖታ ከንፈር የሚርገበገብበት ፍጥነት በየትኛውም ትራምፔት ያው ነው። ረጅም ቱቦ በተፈጥሮው የሚሰጣቸው ድምፆች ወደ ላይ በወጡ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ፤ ከንፈር ጥቂት ከሳተ የጎረቤቱ ኖታ ይወጣል። በአጭር ቱቦ ግን ስለሚራራቁ ስህተቱ ይቀንሳል። መሣሪያዋ የምትጨምረው እርግጠኝነት እንጂ ጉልበት አይደለም። ዋጋም ታስከፍላለች፦ ድምፅዋ በቀላሉ ይቀጥናል፣ ቅኝቷም ይንሸራተታል። የምትወስደው አየር ትንሽ ስለሆነ ጀማሪ ደረቱን ሞልቶ ሲነፋ ያልወጣው ትንፋሽ ታምቆ ያስጨንቀዋል። አንድሬ በዚህች መሣሪያ ክብና እንደ ሰው ድምፅ የሚፈስ ዜማ ማውጣቱ ከፍታው ላይ ከመድረሱ ይልቅ ያስደንቃል።

የትራምፔት ኮንሰርቶ ከባሮክ ዘመንና ከሃይድን የ1796 ሥራ በኋላ ለረጅም ጊዜ ሳስቶ ነበር። አንድሬ ክፍተቱን ለኦቦና ለቫዮሊን የተጻፉ ኮንሰርቶዎችን ወደ ትራምፔት በማዞር ሞላው። ይህን ያልወደዱ ነበሩ፤ ሆኖም አድማጭ የመጣው በዚህ መንገድ ነው። አንድሬ ዦሊቬን የመሳሰሉ የዘመኑ አቀናባሪዎችም ጻፉለት።

ከ300 በላይ ቅጂዎች ትቶ በ2012 ባዮን ከተማ ውስጥ አረፈ። ከ1967 እስከ 1978 በኮንሰርቫቷሩ ካስተማራቸው መካከል ጊ ቱቭሮንና በርናር ሱስትሮ ከኦርኬስትራው የኋላ ረድፍ ወጥተው በሶሎ ተጫዋችነት ሠርተዋል።