ለወሬ ነጋሪ ያልተረፉ ዝግጅቶች፦ የዱሞንት ቴሌቪዥንና የ«መጀመሪያነት» ማዕረግ

እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 በአሜሪካ ሲሠራ የቆየው የዱሞንት የቴሌቪዥን ኔትወርክ፣ ማለትም በተለያዩ ከተሞች የሚገኙ ጣቢያዎችን አስተሳስሮ አንድን ዝግጅት በአንድ ጊዜ ያሠራጭ የነበረው ድርጅት፣ በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በአወዳደቁ ነው። ኤንቢሲና ሲቢኤስ እንዴት እንዳሸነፉት ለማስረዳት አንድ ሁለት ገጽ ይመደብለትና ትረካው ፈጥኖ ወደ አሸናፊዎቹ ይመለሳል። ዝግጅቶቹ በስም ሲጠሩም «የመጀመሪያው የቤተሰብ ኮሜዲ»፣ «በጥቁር ሴት የተመራ የመጀመሪያው ዝግጅት»፣ «የእስያ ዝርያ ባላት አሜሪካዊት የተመራ የመጀመሪያው ተከታታይ ድራማ» እየተባሉ በየአንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋሉ። ይህ ዳሰሳ የሚሞግተው የመጀመሪያነት ማዕረግ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ክብር ቢመስልም፣ ለጠፋ ሥራ ሁለተኛ መረሳት መሆኑን ነው፤ ማዕረጉ ሥራው መኖሩን ይመሰክራል እንጂ ምን እንደነበረ፣ ምን እንደተናገረና በማን ላይ እንደተናገረ የመጠየቁን ሸክም ከሐያሲው ትከሻ ያወርድለታል። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የድርጅቱ መሥራች አለን ዱሞንት የካቶድ ሬይ ቱቦን፣ ይኸውም በድሮው ቴሌቪዥን ምስሉን መስተዋቱ ላይ የሚያወጣውን የመስታወት ቱቦ፣ ዕድሜ በማራዘም ስም ያተረፈ መሐንዲስ ነበር። በ1938 የቴሌቪዥን መቀበያ ለገበያ ቢያቀርብም ከተፎካካሪዎቹ የሚለየው አንድ ብርቱ ጉድለት ነበረበት፤ ኤንቢሲና ሲቢኤስ ከሬዲዮ ያመጡት ገንዘብ፣ ተዋናይና ደንበኛ ጣቢያ ሲኖራቸው እሱ የሬዲዮ ኔትወርክ አልነበረውም። በዚያ ላይ የፊልም ኩባንያው ፓራማውንት በዱሞንት ውስጥ ድርሻ ስለገዛ፣ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን የፓራማውንትን ሁለት ጣቢያዎች ከዱሞንት ሦስት ጣቢያዎች ጋር ደምሮ ቆጠረና ለአንድ ባለቤት ከተፈቀደው የአምስት ጣቢያ ጣሪያ አደረሰው። ኮሚሽኑ ከ1948 እስከ 1952 አዲስ የጣቢያ ፈቃድ መስጠቱን ሲያቆም ደግሞ በብዙ ከተሞች የነበሩት አንድ ወይም ሁለት ጣቢያዎች በቀድሞ የሬዲዮ ወዳጆቻቸው እጅ ቀሩ። ለረጅም ጊዜ በፒትስበርግ ከተማ ያለተወዳዳሪ ይሠራ የነበረውና ለድርጅቱ የጀርባ አጥንት የሆነው ጣቢያ በ1954 መጨረሻ በ9.75 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ ፍጻሜው ታወቀ። እንግዲህ ዱሞንትን የጣለው የዝግጅቶቹ ድክመት ነው ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አይገኝም፤ የፈቃድ ደንብ፣ የካፒታልና የባለቤትነት ጉዳይ ነበር።

ዝግጅቶቹ ለምን እንደጠፉ ለመረዳት ግን ከድርጅቱ ታሪክ ይልቅ የአቀራረጹ ሥራ ይጠቅማል። በዚያን ዘመን አብዛኛው ዝግጅት ይተላለፍ የነበረው በቀጥታ ሲሆን ለአገልግሎት የበቃው የቪዲዮ ቴፕ በሥርጭት ላይ የዋለው ዱሞንት ከተዘጋ አራት ወር ያህል ቆይቶ፣ በኅዳር 1956 በሲቢኤስ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ዋነኛ መንገድ ኪኒስኮፕ የሚባለው ዘዴ ነበር፤ በቴሌቪዥን መስታወት ፊት የፊልም ካሜራ ተተክሎ ምስሉ ከመስታወቱ ላይ በፊልም ይነሣል፣ ፊልሙም ታጥቦ በኬብል ላልተገናኙ ጣቢያዎች በፖስታ ይላካል። ዘዴው ምን ያህል ቁሳዊ እንደነበር ለማየት በብሪታንያ ቢቢሲ በ1953 ያሠራጨውን የናይጄል ኒል ድርሰት የሆነውን «ዘ ኳተርማስ ኤክስፐሪመንት» መመልከት ይበቃል፤ ከስድስቱ ክፍሎች የተቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ በሁለተኛው ላይ አንዲት ነፍሳት በሚቀረጸው መስታወት ላይ ስትሄድ ለደቂቃዎች ትታያለች። የድራማው ሰዎች ስለ ሕዋ አደጋ ሲጨነቁ እሷ ፊታቸው ላይ ትመላለሳለች። ቀረጻ ማለት የሥራው ንጹሕ ቅጂ ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ምሽት፣ አንድ መሣሪያ ከሌላው ፊት ተቀምጦ ያየው መሆኑን ይህች ነፍሳት ከማንኛውም የቴክኒክ ማብራሪያ በላይ ታስረዳለች። ኪኒስኮፕ የማድረሻ ዕቃ እንጂ የመታሰቢያ ዕቃ ተብሎ አልተሠራም፤ ጣቢያው ካሳየው በኋላ አገልግሎቱ ያበቃል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የመጋዘን ኪራይና በፊልሙ ውስጥ ያለው ብር የሚያወጣው ዋጋ ነው።

ከጠፉት መካከል ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው በ1950 ክረምት፣ ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ መስከረም መጨረሻ የዘለቀው «ዘ ሄዝል ስኮት ሾው» ነው። ሄዝል ስኮት በ1920 በትሪኒዳድ ተወልዳ በኒው ዮርክ ያደገች፣ የክላሲክ ሙዚቃን በጃዝ ስልት በመጫወት የታወቀች ፒያኒስት ስትሆን፣ ባለቤቷ አዳም ክሌይተን ፓወል የኮንግረስ አባልና በሃርለም የአቢሲንያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ነበር። ዝግጅቱ የአሥራ አምስት ደቂቃ ሲሆን እስከ ዛሬ የተገኘ ቅጂ የለውም። በጽሑፍ በቀሩት ገለጻዎች መሠረት ካሜራው የከተማዋን ሕንፃዎች ጫፍ እየቃኘ መጥቶ ሰገነት ወዳለው ሳሎን ይገባል፤ በዚያም ስኮት በትልቁ ፒያኖ ፊት አጊጣና ተሞናሙና ተቀምጣ ትታያለች። ተመልካቹ ወደ ቤቷ የገባ እንግዳ ነው፣ እሷ ደግሞ የቤቱ እመቤት ናት።

ይህ የቦታ አቀማመጥ ቀላል ነገር አልነበረም። ስኮት በሆሊውድ የቤት ሠራተኛ ሆና ለመተወን እምቢ ያለች ናት፤ በ1943ቱ «ዘ ሂትስ ኦን» ፊልም ቀረጻ ላይ ባሎቻቸውን ወደ ጦር ሜዳ የሚሸኙ ጥቁር ሴቶች የቆሸሸ ሽርጥ እንዲለብሱ ሲደረግ ሥራ አቁማ ለቀናት ቀረጻው እንዲስተጓጎል አድርጋለች፣ የፊልም ሥራዋም በዚህ ሳቢያ ተሰናክሏል። በሰኔ 1950 «ሬድ ቻነልስ» የተባለ፣ በኮሚኒስት ደጋፊነት የተጠረጠሩ 151 የጥበብና የብዙኃን መገናኛ ሰዎችን የዘረዘረ መጽሐፍ ስሟን አወጣ፤ እሷም በገዛ ፈቃዷ መስከረም 22 ቀን በኮንግረስ የፀረ አሜሪካዊነት ድርጊቶች መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርባ ክሱን አስተባበለች፣ በሳምንቱም ዝግጅቷ ተቋረጠ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ጥቅምት 3 ቀን፣ ኤቢሲ የተባለው ኔትወርክ «ቢዩላ» የተሰኘውን ኮሜዲ ጀመረ፤ መሪ ገጸ ባሕርይዋ በነጭ ቤተሰብ ቤት የምትሠራ ጥቁር የቤት ሠራተኛ ናት።

የመጀመሪያነት ዝርዝር ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጣቸዋል፤ አንዷ የመጀመሪያዋ ጥቁር የዝግጅት መሪ፣ ሌላዋ የመጀመሪያዋ ጥቁር የኮሜዲ መሪ ገጸ ባሕርይ። ሁለቱም እንደ አንድ ደረጃ መወጣጫ ይቆጠራሉ፣ ነገር ግን አንደኛው ሳሎን ባለቤት አድርጎ ያስቀመጠ፣ ሌላኛው ወደ ጓዳ የመለሰ ነው። «ቢዩላ» በፊልም ስለተሠራ አንዳንድ ክፍሎቹ ዛሬም ይታያሉ፤ የስኮት ግን ለወሬ ነጋሪ እንኳ አልቀረም። በመሆኑም የዘመኑ ቴሌቪዥን ጥቁር ሴትን በሽርጥ ብቻ ነበር የሚያውቃት የሚለው የተለመደ ፍርድ ከፊሉ ከዘመኑ፣ ከፊሉ ግን ከመጋዘኑ የመጣ ነው።

በ1951 ከነሐሴ እስከ ኅዳር የተላለፈው «ዘ ጋለሪ ኦፍ ማዳም ሊዩ-ሶንግ» ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ የሚሻ ጉዳይ ነው። የድራማው መሪ አና ሜይ ዎንግ በድምፅ አልባ ፊልሞች ዘመን በባሪያነት፣ ከዚያም በተንኮለኛ ሴትነት እንድትተውን የተገደደች፣ በ1937ቱ የ«ዘ ጉድ ኧርዝ» ፊልም ላይ ደግሞ የቻይናዊቷ መሪ ገጸ ባሕርይ ድርሻ ለነጯ ሉዊዝ ራይነር ሲሰጥ ያየች ተዋናይት ናት። በዱሞንት ድራማ ላይ ግን የሥዕልና የቅርስ መሸጫ ጋለሪዎች ባለቤትና ወንጀል መርማሪ ሆና ቀረበች፤ የገጸ ባሕርይዋ ስምም ከራሷ የቻይንኛ መጠሪያ የተወሰደ ነበር። ቅጂም ሆነ የተውኔት ጽሑፍ አልተገኘም። ይህን ሥራ ከርዕሱና ከማስታወቂያው ተነሥቶ የነጻነት ሥራ አድርጎ ማወደስ ቀላል ነው፣ ብዙዎችም አድርገውታል። ነገር ግን ምሥጢራዊ የሩቅ ምሥራቅ ዕቃ የምትሸጥ ምሥጢራዊት ሴት የድሮው ፊልም ምስል ልብስ ቀይሮ የመጣ ሊሆንም ይችላል፤ ይህን የሚለየው የንግግሯ ቃና፣ የካሜራው ርቀትና ከወንድ ፖሊሶች ጋር የነበራት የሥልጣን ሚዛን ሲሆን ሦስቱም ጠፍተዋል። በመካከሉ ርዕሱ ማዳም ሊዩ-ሶንግ ወደሚል አጭር መጠሪያ መለወጡ ብቻ ይታወቃል፤ ጋለሪው ከስሙ ወጥቶ ሴትዮዋ ብቻዋን መቅረቷ ትርጉም ሳይኖረው አይቀርም፣ ሙሉ ንባብ ይገንባበት ማለት ግን ከልክ ማለፍ ነው።

የተረፉትስ በምን ተረፉ? ጃኪ ግሊሰን «ዘ ሃኒሙነርስ» በሚል ዝናን ያተረፈለትን ጭውውት የጀመረው በ1951 በዱሞንት ላይ ነበር፤ ሲቢኤስ በተሻለ ደመወዝ ወሰደው። በ1955 እና 1956 በሲቢኤስ የታዩት 39 ክፍሎች ጥራታቸውን ጠብቀው የቆዩት ኤሌክትሮኒካም በተባለ፣ የቴሌቪዥንና የፊልም ካሜራን በአንድ ያጣመረ መሣሪያ ስለተቀረጹ ነው፤ መሣሪያውን የፈለሰፈው ራሱ ዱሞንት ነው። ይህ ከታሪክ ምጸቶች ሁሉ መራራው ሳይሆን አይቀርም፦ የራሱን ዝግጅቶች ሊያድን ያልቻለው ድርጅት የተፎካካሪውን አዳነ። በ1985 ደግሞ ግሊሰን በግሉ ያስቀመጣቸውን የሲቢኤስ ዘመን ኪኒስኮፖች ለሕዝብ አወጣ። ቅጂ የሚተርፈው ባለቤት ነኝ፣ አስቀምጣለሁ የሚል ሰው ሲኖረው ነው፤ ስኮትም ሆነች ዎንግ በሥራቸው ላይ እንዲህ ያለ መብት አልነበራቸውም።

ስለ ጥፋቱ በሰፊው የሚነገረው ታሪክ ከተዋናይትና ድምፃዊት ኢዲ አዳምስ የመጣ ነው። አዳምስ በ1996 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በተዘጋጀ የምስክርነት መድረክ ላይ እንደተናገረችው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የዱሞንት ወራሽ ድርጅት ለሽያጭ ሲቀርብ የቀረጻዎቹን የመጋዘን ወጪ ማን ይሸከም በሚለው ላይ ጠበቆች ተከራከሩ፤ አንደኛው ነገሩን እኔ እጨርሰዋለሁ አለ፣ በሌሊትም ሦስት ከባድ መኪናዎች ተጭነው ሄዱና ጭነቱ በጀልባ ተወስዶ በኒው ዮርክ ባሕረ ሰላጤ ተጣለ። ምስክርነቱ የአንድ ሰው ነው፤ ቢሆንም ተደጋግሞ የሚነገርበት ምክንያት ማስረጃነቱ ብቻ አይመስልም። አንድ ሌሊት፣ አንድ ጠበቃና አንድ ባሕር ያለበት ታሪክ ጥፋተኛውን ለይቶ ስለሚሰጥ አእምሮን ያሳርፋል፤ በየዓመቱ በየቢሮው ማንም ሳይቆጣ የተፈረመ የማስወገጃ ወረቀት ግን ለትረካ አይመችም። ብዙው የጠፋው ግን በዚህኛው መንገድ ሳይሆን አይቀርም።

ሐያሲው ከጠፋ ሥራ ጋር ሲገናኝ በእጁ የሚቀሩት የጋዜጣ መርሐ ግብር፣ የዘመኑ ግምገማ፣ የማስታወቂያ ፎቶግራፍ፣ ውልና የኮሚቴ ምስክርነት ናቸው። እነዚህን አጋጭቶ ማንበብ ይቻላል፤ የስኮት ሳሎን ትርጉም የተገለጠው ከሽርጡ አድማና ከ«ቢዩላ» ቀን ጋር ሲነጻጸር ነው። ይህ ግን የተቀረጸውን ብቻ እንደ ዘመኑ ሙሉ ምስክር የመቁጠርን ልማድ መተው ይጠይቃል፤ የልማዱን ስፋት ደግሞ ዱሞንት ራሱ በቀጥታ ያስተላለፈው ትልቁ ክስተት ያሳያል። በ1954 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲና የጦር ሠራዊቱ የተፋጠጡበት ችሎት፣ ስኮትን ከሥራ ያስወጣው የጥርጣሬ ዘመን መሪ ተዋናይ በሕዝብ ፊት የተዋረደበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቀጥታ የተላለፈው በዱሞንትና በኤቢሲ ነበር፤ ሁለቱም በቀን የሚያጡት አትራፊ ዝግጅት እምብዛም ስላልነበራቸው ጊዜውን ለችሎቱ ሰጡ። ሲቢኤስ የቀን ድራማዎቹን ላለማቋረጥ ሲል በቀጥታ ሳያስተላልፍ ቀረ፣ ችሎቱን ግን በኪኒስኮፕ አስቀረጸ። ኤሚል ደ አንቶኒዮ በ1964 ስለ ችሎቱ «ፖይንት ኦፍ ኦርደር» የተባለውን ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ የገዛው የሲቢኤስን ቅጂ ነው።