የታካሚው መሻሻል በማን መለኪያ? ስለ «አነስተኛው ጠቃሚ ለውጥ» የቀረበ ሂስ

ሕመምን፣ የትንፋሽ ማጠርን፣ ድካምንና ጭንቀትን ከታካሚው በስተቀር ማንም በቀጥታ ሊያውቃቸው አይችልም። በመሆኑም ታካሚው ራሱ የሚመልሳቸው መጠይቆች በክሊኒካዊ ጥናቶች ውስጥ ከፍተኛ ቦታ ይዘዋል። ችግሩ የሚጀምረው መልሱ ወደ ነጥብ ከተለወጠ በኋላ ነው። የተሳታፊዎች ብዛት በቂ ከሆነ እጅግ ጥቃቅን ልዩነት እንኳ ስታቲስቲካዊ ትርጉም ያገኛል፤ ለታካሚው ግን ከቁም ነገር የማይገባ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ጄሽኬ፣ ሲንገርና ጋያት እ.ኤ.አ. በ1989 «አነስተኛው ጠቃሚ ለውጥ» ልንለው የምንችለውን ጽንሰ ሐሳብ አቀረቡ። ሥር የሰደደ የልብና የሳንባ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች በጥቅሉ ምን ያህል ለውጥ እንዳዩ ጠየቁ፤ ቀጥሎም ጥቂት ለውጥ አለ ያሉት ታካሚዎች በመጠይቁ ላይ ስንት ነጥብ እንደተንቀሳቀሱ አሰሉ። ውጤቱ ባለ 7 ደረጃ መልስ ባለው በእያንዳንዱ ጥያቄ ግማሽ ነጥብ ያህል ሆነ። በእነርሱ ትርጓሜ መሠረት ለውጡ ታካሚው ጠቃሚ ነው ብሎ የሚቀበለው፣ እንዲሁም አስቸጋሪ የጎንዮሽ ጉዳትና የበዛ ወጪ ከሌለ ሕክምናውን ለማስቀየር የሚያበቃ መሆን አለበት።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ሲጠቀስ ትርጓሜው ተዘንግቷል። ወጪውና የጎንዮሽ ጉዳቱ ከስሌቱ ወጥተው ደረቅ ነጥብ ብቻ ቀርቷል። መድኃኒቱን ለመግዛት ከወር ገቢው አብዛኛውን የሚያወጣ ታካሚና በነጻ የሚያገኘው ታካሚ ለአንድ ዓይነት መሻሻል እኩል ዋጋ ይሰጣሉ ማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው ስሕተት ለግለሰብ የተሠራውን መመዘኛ ለቡድን አማካይ መጠቀም ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ አየር ቧንቧ መጥበብ ባለባቸው ከ6,000 በላይ ታካሚዎች ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው «ቶርች» የተባለው ጥናት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። በቅዱስ ጊዮርጊስ የመተንፈሻ አካላት መጠይቅ ሲለካ፣ ጥምሩን መድኃኒት በወሰዱትና ፕላሴቦ በወሰዱት መካከል የታየው አማካይ ልዩነት 3.1 ነጥብ ነበር። ለዚህ መጠይቅ የተለመደው መመዘኛ 4 ነጥብ ስለሆነ፣ መድኃኒቱ ለታካሚው የሚሰማው ጥቅም አልሰጠም ወደሚል ድምዳሜ መቸኮል ይቻላል። ነገር ግን አማካዩ ይህን አይነግረንም። ለአብነት ያህል ከ100 ታካሚዎች 25ቱ እያንዳንዳቸው 12 ነጥብ ቢሻሻሉና የቀሩት ባሉበት ቢቆዩ አማካዩ 3 ይሆናል፤ መቶዎቹም እያንዳንዳቸው 3 ነጥብ ቢሻሻሉ አማካዩ ያው 3 ነው። በመጀመሪያው ሁኔታ ሩብ ያህሉ ትልቅ እፎይታ አግኝተዋል፤ በሁለተኛው ግን መመዘኛውን ያለፈ አንድም ሰው የለም።

ሦስተኛው ጉዳይ መነሻው ነው። ፋራርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 በ10 ጥናቶች የተሳተፉ 2,724 ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች መረጃ መርምረው፣ ከ0 እስከ 10 በሚደርሰው ልኬት የ2 ነጥብ ወይም የ30 በመቶ ቅናሽ ትርጉም እንዳለው አመለከቱ። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። ከ9 ወደ 7 የወረደ ሕመም 2 ነጥብ ቢቀንስም 30 በመቶ አይሞላም፤ ከ4 ወደ 2 የወረደው ግን በግማሽ ቀንሷል።

ወደ አገራችን ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይከብዳል። ድባቴን የሚለካው ባለ 9 ጥያቄ መጠይቅ የአማርኛ ትርጉሙ በአዲስ አበባ ሆስፒታል ተመላላሽ ታካሚዎች ላይ ተፈትሾ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁን እንጂ ሕመም ያለበትን ከሌለበት መለየት አንድ ነገር ነው፤ ስንት ነጥብ መቀነስ ለታካሚው ትርጉም እንዳለው ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የ5 ነጥብ ቅናሽ በቂ ነው የሚለው ልማድ ከሌላ አገር ታካሚዎች የተገኘ ነው።

መመዘኛው የተመሠረተበት «ተሽሎዎታል ወይ?» የሚለው ጥያቄም በእኛ ዘንድ የዋህ ጥያቄ አይደለም። ሕመምተኛው አስቀድሞ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ይህም ምስጋና እንጂ የመሻሻል መግለጫ አይደለም። «ለክፉ አይሰጥም» የሚለው መልስ በየትኛው ደረጃ ይመዝገብ? «ጥቂት»፣ «በመጠኑ» እና «በተወሰነ ደረጃ» የሚሉት ቃላት በጠያቂው አንደበት ሲነበቡ የትኛው ከየትኛው እንደሚበልጥ አድማጩ በእርግጠኝነት አይለይም። በዚህ ላይ ሐኪሙን ላለማሳዘን የሚሰጠው የይሉኝታ መልስ አለ። ታካሚው የቀድሞ ሁኔታውን የሚያስታውሰው በዛሬው ስሜቱ በኩል መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሁሉ መጠይቆቹን እንድንተው አያደርግም፤ ብንተዋቸው የታካሚውን ድምፅ እናጣለን። ከተመራማሪዎቻችን የሚጠበቀው የተጠቀሙበት መመዘኛ ከየትኛው ሕዝብና ከየትኛው ሕመም እንደተወሰደ መግለጽ ነው። ከአማካዩ ጎን ለጎንም በየቡድኑ ስንት ታካሚ ምን ያህል እንደተሻለው፣ ስንቱም እንደባሰበት ማሳየት አለባቸው። የመመዘኛው ጥያቄ ደግሞ ሊታይ በሚችል ተግባር ላይ ቢመሠረት ይመረጣል፦ ዳገቱን ሳያርፉ መውጣት ቻሉ? ሌሊቱን ሳይነቁ ተኙ? ወደ ሥራዎ ተመለሱ? እነዚህን ታካሚው ከምስጋናው ለይቶ ሊመልሳቸው ይችላል። የጽሑፍ ገምጋሚዎችም ያለ ምንጭ የቀረበን መመዘኛ በዝምታ ሊያልፉት አይገባም፤ በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ አንድ ሕክምና ይቀጥላል ወይም ይቋረጣልና።