ሩር አለጋግ፦ የለመዱትን ምት ስለመለወጥ

የገና ጨዋታ ዋና ክህሎት ሩርን፣ ማለትም የጨዋታውን ኳስ፣ መለጋት ነው። ሩጫው፣ ግፊያውና ሆታው ሁሉ በመጨረሻ የሚፈተነው ጫፉ ቆልመም ያለው ዱላ ሩሯን በሚያገኛት ቅጽበት ነው። በጣና ሐይቅ ዳር፣ በጎርጎራ ዙሪያ በደንቢያ ሜዳ ጨዋታው የሚደምቀው በልደት ሰሞን፣ አዝመራው ተሰብስቦ መሬቱ ሲደርቅ ነው። ልደት በታኅሣሥ 29 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዓመት ደግሞ በ28። ወቅቱ እንዲህ አጭር በመሆኑ አንድ ተጫዋች ምቱን ሳያሻሽል ዓመታት ሊያልፉት ይችላሉ። በበዓሉ ቀን የሚለጋው ባለፈው ዓመት እንደለጋው ነው፤ ለመለወጥ የሚበቃ ጊዜ የሚገኘው ከበዓሉ በፊት ባሉት ሳምንታት ብቻ ነው።

አብዛኛው ሰው ሩር መለጋትን የሚለምደው በልጅነቱ ከብት እየጠበቀ፣ ታላላቆቹን እያየ ነው። በዚህ መንገድ የመጣ ምት ጉልበት አያንሰውም፤ የሚያንሰው ደጋግሞ አንድ ዓይነት መሆን ነው። ዱላው ከትከሻ በላይ ይነሳና እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው ቁልቁል ይወርዳል። ጫፉ ወይ ከሩሯ በፊት መሬት ይመታል፣ ወይ አናቷን ገጭቶ ያልፋል። መሬት ሲመታ ጉልበቱ አፈር ላይ ይቀራል፤ አናቷን ሲገጭ ሩሯ ጥቂት ተንከባላ ትቆማለች። ተጫዋቹ ግን የጎደለው ጉልበት ይመስለዋልና በሚቀጥለው ምት ዱላውን ይበልጥ ከፍ ያደርጋል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር ስህተቱም ይሰፋል።

ይህ ችግር በጎልፍ በመለኪያ መሣሪያ በዝርዝር ተጠንቷል። በደንቡ መሠረት የጎልፍ ኳስ ከ45.93 ግራም አይበልጥም፤ ዱላና ኳስ ተነካክተው የሚቆዩትም ለግማሽ ሺህኛ ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት እጅ ምንም ሊያርም አይችልም። ኳሱ በመጀመሪያ የሚወጣበትን አቅጣጫ በአብዛኛው የሚወስነው የዱላው ፊት በነካው ጊዜ ወዴት እንደዞረ ነው፤ ዱላው የመጣበት መስመር ድርሻው ያነሰ ነው። የገና ዱላ ደግሞ ጠፍጣፋ ፊት የለውም። ክብ እንጨት ክብ ሩርን ሲመታ ከመሃል ጥቂት መሳት ሩሯን ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ ያወጣታል። የጎልፍ ኳስ ቆሞ ሲጠብቅ ሩሯ ግን እየተንከባለለች ትመጣለች። ስለዚህ የገና ምት ቀላል የእረኛ ጨዋታ ነው ብሎ ማሰብ ስህተት ነው፤ ከጎልፍ ምት የሚጠይቀው ትክክለኛነት አያንስም።

ለውጡ ከአያያዝ ይጀምራል። ሁለቱ እጆች ተጠጋግተው ይይዛሉ፤ ጣቶች ዱላው እንዳያመልጥ ያህል ብቻ ይጨብጣሉ። አጥብቆ መጨበጥ አንጓን ያስራል፣ የዱላውንም ጫፍ ያዘገየዋል። ጉልበት ጥቂት ይታጠፋል፤ ዱላው ከወገብ ብዙም ሳያልፍ ይነሳል። ምቱ የሚጀምረው ክብደት ከኋላ እግር ወደ ፊት እግር ሲሻገርና ዳሌ ሲዞር ነው፤ ክንድ ይከተላል። ዝቅ ያለው ምት ሌላም ትልቅ ጥቅም አለው፤ በግርግር መሃል የሰው ፊትና ጭንቅላት አይነካም። ለዚህ ብቻ እንኳ ሊመረጥ ይገባዋል። አያያዙ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የባዕድ እጅ ይመስላል፤ ምቱም ከድሮው ይከፋል። ብዙዎች ወደ አሮጌው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው።

ዋናው ጉዳይ ግን የዱላው ጫፍ ዝቅተኛ ቦታ ነው። ምቱ ከላይ ወርዶ እንደገና የሚነሳ ቅስት ስለሆነ ከመሬት ጋር እጅግ የሚቀራረብበት አንድ ቦታ አለው። ያ ቦታ ከሩሯ ኋላ ከሆነ ዱላው አፈር ይመታል፤ ከሩሯ ሥር ወይም ጥቂት ወደ ፊት ከሆነ ግን ሩሯ በንጽሕና ትነሳለች። ይህን ለመልመድ ሩር አያስፈልግም። የጣና ውሃ በመስከረም አካባቢ ከፍ ብሎ ከዚያ እየሸሸ ስለሚሄድ ከኅዳር በኋላ በደንቢያ ዳርቻ የተራቆተና ለስላሳ መሬት ይገኛል። የደረቀው ዋልካ ስንጥቅ ስለሚበዛበት ለዚህ አይመችም። በለስላሳው መሬት ላይ መስመር ይሰመራል፤ ተጫዋቹ መስመሩ በእግሮቹ መሃል እንዲሆን ቆሞ ዱላውን በዝግታ ይወዘውዛል፤ ጫፉ መሬት የጫረበት ምልክትም ይታያል። ምልክቱ ከመስመሩ ኋላ ከሆነ ክብደቱ ኋላ እግር ላይ ቀርቷል ማለት ነው። ከማንኛውም አስተያየት ይልቅ ይህን ምልክት ማመን ይሻላል፤ ተመልካች ሊሳሳት ይችላል፣ አፈሩ ግን ዱላው ያረፈበትን ብቻ ያሳያል።

ልምምዱ በዝግታ መደረግ አለበት። ሰውነት አዲስ ቅርጽ የሚይዘው ፍጥነት ሳይጨመርበት ነው፤ ፍጥነት ሲጨመር የቀደመው ልማድ ቶሎ ይመለሳል። ሐሳብ የሚያርፍበት ቦታም ወሳኝ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. ጋብሪኤለ ዉልፍና ባልደረቦቿ በጎልፍ ጀማሪዎች ላይ ባደረጉት ጥናት ልባቸውን በዱላው እንቅስቃሴ ላይ ያሳረፉት ስለ ክንዳቸው ካሰቡት ይልቅ ዒላማቸውን በተሻለ ሁኔታ አግኝተዋል። ለገና ተጫዋችም “ክንድህን ዘርጋ” ከማለት “ጫፉ መስመሩን ይለፍ” ማለት ይጠቅማል። “ሩሯን እይ” የሚለው የሽማግሌዎች ምክር እውነት ነው፤ ግን የዱላውን መንገድ አያስተምርም።

ምቱ በቆመች ሩር ላይ ሲረጋ ሌላ ሰው ሩሯን ያንከባልላል፤ ቀጥሎ ተጫዋቹ እየሮጠ ይለጋል፤ በመጨረሻም አንድ ተጋጣሚ ይቆምበታል። በእያንዳንዱ ደረጃ አሮጌው እጅ ለጥቂት ጊዜ ይመለሳል፤ ይህ የልማድ ጠባይ እንጂ የተማረውን መርሳት አይደለም። አንዱን ምት መቶ ጊዜ ደጋግሞ ከመለጋት ርቀቱንና አቅጣጫውን እያለዋወጡ መለጋት በጨዋታ ቀን የሚጸና ልምድ ይሰጣል።

ዱላው የሚስተካከለው ምቱ ከረጋ በኋላ ነው። ከጥቂት ቀን ልምምድ በኋላ በቆልማማው ጫፍ ሥር የተፋቀው ቦታ ይታያል። ፍቀቱ ወደ መሃል ከሆነ ዱላው ለቁመቱ ተስማምቷል። ወደ ጫፉ ብቻ ከሆነ እጆቹ ከፍ ብለዋል፤ ተጫዋቹ ጥቂት ያጎነብሳል ወይም ቁልማሜው ይበልጥ የታጠፈ ዱላ ይመርጣል። ወደ ተረከዙ፣ ማለትም ወደ መታጠፊያው፣ ብቻ ከሆነ እጆቹ ዝቅ ብለዋልና ቀና ማለት ያስፈልገዋል።