የፊት አንጎል አፈጣጠርና የዘገየው እንክብላችን

እንደሚታወቀው የሰው ልጅ አንጎል መሠረቱ የሚጣለው ከፅንሰት በኋላ ባሉት ሦስተኛና አራተኛ ሳምንታት ነው። ጠፍጣፋው የነርቭ ንጣፍ ወደ ውስጥ ይጎደጉድና ጠርዞቹ ተገናኝተው ቱቦ ይሠራሉ። በራስ በኩል ያለው ቀዳዳ በ25ኛው ቀን ገደማ፣ የታችኛውም በ28ኛው ቀን ገደማ ይዘጋል። በአምስተኛው ሳምንት የፊት አንጎል ለሁለት ይከፈላል፤ ከአንደኛው ንፍቀ አንጎሎቹ፣ ከሌላው ታላመስና ሃይፖታላመስ ይገኛሉ። የላይኛው ቀዳዳ ሳይዘጋ ከቀረ ግን አናንሴፋሊ ይከተላል፤ ሕፃኑም ሞቶ ይወለዳል ወይም ከተወለደ በኋላ ብዙ አይቆይም።

ይህን ሁላችንም ለፈተና አጥንተነዋል። ቀኖቹን ከዕለት ሥራችን ጋር አለማዛመዳችን ግን ሊነቀፍ ይገባዋል። በ25ኛው ቀን እናቲቱ የወር አበባዋ ከቀረ ገና አሥር ቀን ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ የመጀመሪያውን የክትትል ግንኙነት እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ይፈቅዳል። መመሪያው ፎሊክ አሲድ ቢቻል ከእርግዝና በፊት እንዲጀመር ማሳሰቡ አይካድም፤ እኛ በተግባር የያዝነው ግን ቀጠሮውን እንጂ ማሳሰቢያውን አይደለም። በዚያው ዓመት በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ክትትል የጀመሩት እናቶች 20 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። ዘግይቶ የተሰጠው እንክብል የደም ማነስን ይከላከል ይሆናል፤ ለነርቭ ቱቦው ግን አይደርስም።

ከዲላ ወደ ይርጋ ጨፌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ወናጎን ለአብነት እንውሰድ። ደቡብ አፍሪካ ከ2003 ጀምሮ እንዳደረገችው ዱቄትን በፎሊክ አሲድ ማበልጸግ የታወቀ ዘዴ ነው። ይሁን እንጂ የጌዴኦ ገበሬ ኑሮ በእንሰትና በቡና ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከጓሮዋ እንሰት ፍቃ ቆጮ የምታበላ እናት ከፋብሪካ ዱቄት የምታገኘው ድርሻ አነስተኛ ነው። ስለዚህ በዱቄት ብቻ መተማመን እርሷን መርሳት ይሆናል።

መፍትሔው በእጃችን ያለ ይመስለናል። በክንዷ የተቀበረውን የእርግዝና መከላከያ ለማስወጣት የመጣች ሴት ልጅ ማሰቧን ነግራናለች፤ በዕለቱ 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ በየቀኑ እንድትጀምር እናድርግ። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች ከሆነም መጠኑ 4 ሚሊ ግራም ነው፤ በ1991 ይፋ የሆነው የብሪታንያ ጥናት ይህ መጠን ችግሩ እንዳይደገም በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ሙሽሮችን ቤት ለቤት የምታውቃቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም እንክብሉ በቦርሳዋ ሊኖር ይገባል። የፅንሱ አንጎል የእኛን ቀጠሮ አይጠብቅምና።