በሬው፣ ሴትዮዋና የወታደሩ ካሜራ

«ጦርነት ብላችሁ ጠርታችሁን በሬ አሳያችሁን!» ባለፈው ቅዳሜ ማታ በትምህርት ቤቱ ክፍል ካሳየናቸው ፊልሞች በኋላ የደረሰን ወቀሳ ይህ ነው። ወቀሳው ሐሰት አይደለም። ቢሆንም ስለ በሬው ጥቂት የምንለው አለን።

ፊልሞቹ ኮሪያ የዘመቱ የአሜሪካ ወታደሮች በገዛ ካሜራቸው ያነሷቸው ናቸው። ካሜራው እንደ ሰዓት ተጠምዝዞ የሚሠራ፣ ድምፅ የማይቀዳ፣ አንዱ ጥቅል ከአራት ደቂቃ እምብዛም የማያልፍ ነበር። ስለዚህ አንሺው ይቆጥባል፤ ቆጥቦ የሚያነሳውም ብርቅ የሆነበትን ነው፤ የሩዝ ማሳ፣ ጭነት ያዘለ ሽማግሌ፣ ለዕረፍት የሄደበትን የጃፓን ከተማ፣ በሬውንም ጭምር። ውጊያ የለም ማለት ይቻላል። ጥይት ሲዘንብበት ካሜራ የሚጠመዝዝ ማን አለ?

ዘመኑን ግን ልብ እንበል። የተኩስ አቁም ድርድር ሐምሌ 3 ቀን 1943 ዓ.ም. በኬሶንግ ተጀመረ፤ በጥቅምት 1944 ወደ ፓንሙንጆም ተዛወረ፤ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው። ሁለት ዓመት ከ17 ቀን መሆኑ ነው። ከሁሉ ይበልጥ ያጓተተው የምርኮኞች ጉዳይ ነበር፤ ይኸውም ወደ አገሩ መመለስ የማይፈልግ ምርኮኛ ይገደድ ወይስ አይገደድ የሚለው ክርክር ነው። (ለዚህ ሰፈር ነዋሪ ይህን ማብራራት አያስፈልግም።) የመደራደሪያው ስፍራ በስሕተት እንዳይመታ ሌሊት ሌሊት ፓውዛ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይበራበት ነበር። ከዚያ ብርሃን ወዲያ ግን ያው ኮረብታ ሲያዝና ሲለቀቅ ሰው ያልቅ ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃም ፑሳን የደረሰው በ1943 ዓ.ም. ድርድሩ ሊጀመር ጥቂት ሲቀረው ነው። በኮሪያ ከወደቁት 120 ያህል ወገኖቻችን አብዛኞቹ የሞቱት እንግዲህ ስለ ሰላም እየተነገረ ነው።

አሁን ወደ ፊልሙ እንመለስ። በሦስተኛው ጥቅል በሬው ሲያልፍ፣ ከስተግራ ጠርዝ ላይ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ፣ ዕቃ በራሷ ላይ ተሸክማ ትታያለች። ካሜራው አይከተላትም፤ የያዘው በሬውን ነው። እሷ ቆም ትላለች፣ ታየናለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ይኸው ነው። ምናልባት ሦስት ሰኮንድ ቢሆን ነው። ከኛ መካከል አንዱ መምህር «ይህ የድኻን መልክ መስረቅ ነው» ብሎ ሞገተን። እንግዳ በመጣ ቁጥር ስልኩን አውጥቶ የውሃ ወረፋችንን ሲያነሳ እናቶቻችን ፊታቸውን እንዴት እንደሚያዞሩ ስለምናውቅ፣ መልስ አጥተን ብዙ ቆየን። ሆኖም ወታደሩ በሬ ብርቅ ባይሆንበት ኖሮ ሴትዮዋን ከነጭራሹ አናያትም ነበር። አተያዩን እንነቅፋለን፤ ፊልሙን ግን አንጥልም።

ይቅር የማንለው ሌላ ነው። ጥቅሉን ከሣጥን አውጥተው ያሠራጩት ሰዎች ድምፅ አልባውን ፊልም ቫዮሊን ጨምረውበታል፤ አንዳንድ ቦታም ጨርሶ ያልነበረ የመድፍ ድምፅ አስገብተውበታል። መግቢያው ላይም «የሰላም ዋዜማ» ብለው ጽፈዋል። ለማን ነው ዋዜማ? እነርሱ ፍጻሜውን አውቀው ጻፉት እንጂ፣ ሴትዮዋ ድርድሩ በዚያ ሳምንት ይለቅ ወይም አሥር ዓመት ይፍጅ የምታውቀው ነገር አልነበረም። አንሺውም አያውቅም። ሬዲዮ ከፍተን «ውይይቱ ቀጥሏል» የሚለውን እየሰማን ውሃ ልንቀዳ የምንወጣ ሰዎች ይህን ሁኔታ ከማንም በተሻለ እናውቀዋለን። ዋዜማ የተባለው ከዘመናት በኋላ ነው። ቫዮሊኑ ያንን አለማወቅ ይሸፍነዋል፤ ዝምታው ግን አይሸፍነውም ነበር።

በሚመጣው ቅዳሜ ሦስተኛውን ጥቅል ብቻ ድምፁን ዘግተን ደግመን እናሳያለን። አባቱ ወይም አያቱ ቃኘው የነበረ ሰው ካለ ፎቶግራፍ ቢያመጣልን ደስ ይለናል። ሴትዮዋ የምትታየው በስተግራ ስለሆነ፣ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጡ ሰዎች ራሳቸውን ዝቅ ያድርጉልን።