የጽዋው ተረኛ

ወር በገባ በ23 ባሕር ዳር ውስጥ ጽዋ የማይጠጣበት ሰፈር የለም ማለት ይቻላል፤ የጊዮርጊስ ማኅበር ነው። በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም፤ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ባለችበት በዘጌ ደግሞ 16 ልዩ ቀን ነው።

ተረኛው ዳቦውን ደፍቶ፣ ጠላውን ጠምቆ ይጠብቃል። ካህኑ ጸሎት አድርሶ ይባርካል፤ ጽዋው ይዞራል፤ በመጨረሻም ተሸፍኖ በዝማሬና በእልልታ ለቀጣዩ ተረኛ ይተላለፋል።

እኔን ከሁሉ የሚማርከኝ ምሥጢር አጠባበቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1717 ለንደን ላይ ታላቁን ሎጅ የመሠረቱት ፍሪሜሶኖች መተዋወቂያ ቃላቸውንና የእጅ ምልክታቸውን ከውጭ ሰው ይሰውራሉ። የእኛ ማኅበር በሩ ክፍት ነው፤ ጎረቤት ይጠራል፣ ነዳያን ይበላሉ። የሚሰወረው የአባል ገመና ነው። ተራው ደርሶ እጅ ያጠረው ሰው ቢኖር፣ በደህና ማኅበር ውስጥ ብቅሉም ጌሾውም ቀድሞ ቤቱ ይደርሳል፤ በዝክሩ ዕለት ማን ምን እንዳዋጣ የሚያነሣ የለም። እንዲህ ያለ ጨዋነት በየትኛው መተዳደሪያ ደንብ ይጻፋል?

የተጣሉ አባላት ሳይታረቁ ከአንድ ጽዋ መጠጣት ነውር ነው። ስለዚህ ሙሴ የሚባለው የማኅበሩ መሪ አስቀድሞ ሽማግሌ ይዞ ይገባል፤ ዳኛ ፊት ሊቀርብ የነበረ ስንት የድንበር ጠብ እዚያው ያልቃል።

አባል ሲሞት ብዙ ጊዜ ልጁ በእግሩ ይተካል። በሥጋ የማይገናኙ ቤተሰቦች ለሠርግም ለሐዘንም ቀድመው የሚደርሱት፣ አያቶቻቸው በአንድ ጽዋ ስለጠጡ ነው።