ሲሮጡ የታጠቁት፦ የአስቸኳይ ጊዜ የመንግሥት ግዥ በብሪታንያ ተሞክሮ ሲመዘን

የመንግሥት የግዥ ሕግ በጤና ባለሙያው ዘንድ መልካም ስም ያለው ሕግ አይደለም። ማስታወቂያ ወጥቶ፣ የጨረታ ሰነድ ተሽጦ፣ ሣጥኑ ተከፍቶ፣ ዋጋው ተነጻጽሮና የተሸናፊው ቅሬታ ተሰምቶ ጓንቱ ከመጋዘን እስኪገባ ድረስ በሽታው ቆሞ አይጠብቅም። በመሆኑም ወረርሽኝ በገባ ቁጥር ከየአቅጣጫው አስቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «ሕጉ ለጊዜው ይነሣ» የሚል ነው። ጥያቄው ከቅንነት የመነጨ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ታማሚ ፊቱ ተኝቶ ዕቃ ያጣ ባለሙያ ሌላ ነገር ቢጠይቅ ነበር የሚያስደንቀው። ይሁንና ጥያቄው የቆመው ባልተመረመረ እምነት ላይ ነው፤ ይኸውም ፍጥነትና ሥርዓት በአንድ ቤት አብረው ሊያድሩ አይችሉም የሚለው ነው።

ይህን እምነት ለመፈተን የብሪታንያ መንግሥት በኮቪድ 19 ወረርሽኝ ወቅት የፈጸመውን ግዥ ያህል በማስረጃ የተሟላ ጉዳይ ብዙ አይገኝም። ግዥው በኦዲተሮች ተመርምሯል፤ በፓርላማ ጥያቄ ተነሥቶበታል፤ ፍርድ ቤትም ከአንድ ጊዜ በላይ ብይን ሰጥቶበታል። ከዚያ ሁሉ መዝገብ የሚወጣው ትምህርት ግን ብዙ ጊዜ እንደሚባለው «የላላ ሕግ ሌባን ጋበዘ» የሚል ብቻ አይደለም። ከዚያ ይልቅ የጠለቀና ለጤና ባለሙያው የቀረበ ነው።

ሕጉ የፈቀደው

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው የብሪታንያ ሕግ ለችግር ጊዜ በር ያልነበረው አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመንግሥት ውሎች ደንብ በአንቀጽ 32 ላይ ያለ ማስታወቂያና ያለ ውድድር ከአንድ አቅራቢ በቀጥታ መግዛትን ይፈቅድ ነበር። ፈቃዱ ግን በቅድመ ሁኔታ የታጠረ ነው። አንደኛ፣ አስቸኳይነቱ እጅግ ከፍተኛ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ያመጣው ነገር ገዢው መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ሊገምተው የማይችል መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ የተለመደው የጨረታ ጊዜ፣ ተፋጥኖም ቢሆን፣ የማይበቃ መሆን አለበት። አራተኛ፣ ችግሩ በራሱ በመሥሪያ ቤቱ ጥፋት የመጣ መሆን የለበትም።

መጋቢት 18 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. የካቢኔ ጽሕፈት ቤቱ ለመንግሥት ገዢዎች ሁሉ መመሪያ አስተላለፈ። መመሪያው አዲስ ሕግ አላወጣም፤ በነባሩ ሕግ ውስጥ ያሉትን መንገዶች ዘርዝሮ አስታወሰ እንጂ። ቀጥታ ግዥ፣ ቀድሞ በተፈረመ ማዕቀፍ ስምምነት መግዛት፣ የጨረታ ጊዜን ማሳጠር፣ ያለውን ውል ማራዘም ወይም ማሻሻል ከእነዚህ መካከል ናቸው። ከዚሁ ጋር ሁለት ነገሮች እንዳይዘነጉ አሳሰበ፤ ቀጥታ ግዥ የተመረጠበት ምክንያት በጽሑፍ እንዲቀመጥ፣ ውሉም ከተፈረመ በኋላ በ30 ቀናት ውስጥ ለሕዝብ እንዲገለጽ።

እንግዲህ ሰነዱ በራሱ ሲመዘን ሚዛናዊ ነበር። ቀኑን አሳጠረ፤ ምክንያት መጻፍንና መግለጽን ግን አላነሣም። ችግሩ የተፈጠረው ከሰነዱ በኋላ ነው።

ሁለቱ በሮች

በሚያዝያ 2020 የዓለም ገበያ የተለመደው ገበያ አልነበረም። አገሮች ሁሉ አንድን ዕቃ በአንድ ጊዜ ይሻሙ ነበር፤ ሻጭ ገንዘቡን በቅድሚያ ካልተቀበለ አይንቀሳቀስም፤ ዛሬ የተባለ ዋጋ ነገ አይገኝም። በሆስፒታሎች ውስጥ የቆሻሻ ከረጢት ቀድደው የለበሱ ነርሶች ነበሩ። በዚህ ጊዜ ዕቃ አለን የሚሉ አቅራቢዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሐሳቦችን ወደ መንግሥት አጎረፉ። እነዚህን መለየት ግድ ሆነ።

ከሚለዩባቸው መንገዶች አንዱ «ከፍተኛ ቅድሚያ የሚሰጠው መስመር» የተባለው ነበር። በዚህ መስመር የሚገቡት በሚኒስትሮች፣ በፓርላማ አባላት፣ በከፍተኛ ባለሥልጣናትና በጤና አገልግሎቱ ኃላፊዎች የተጠቆሙ አቅራቢዎች ነበሩ። ብሔራዊ የኦዲት መሥሪያ ቤቱ በኅዳር 2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዚህ መስመር ከገቡት ከ10 አቅራቢዎች አንዱ ያህል ውል ሲያገኝ፣ በተራው መስመር ከገቡት ግን ከ100 አንዱ እንኳ አላገኘም። እስከ ሐምሌ 31 ቀን 2020 ድረስ ከወረርሽኙ ጋር በተያያዘ ከተሰጡት 18 ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ዋጋ ካላቸው ውሎች ውስጥ 10.5 ቢሊዮኑ ያለ ውድድር የተሰጠ ነበር።

በጥር 2022 የለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይህ የቅድሚያ መስመር ተወዳዳሪዎችን በእኩል ዓይን የማየት ግዴታን የጣሰ፣ ስለሆነም ሕገ ወጥ እንደነበር ወሰነ። ሚዛናዊ ለመሆን ግን የብይኑ ሌላ ገጽም መነገር አለበት፤ ፍርድ ቤቱ በፊቱ የቀረቡት አቅራቢዎች በተራው መስመር ቢገቡም ኖሮ ውሉን ሊያገኙ ይችሉ እንደነበር ገልጿል። በመሆኑም ነቀፌታው «ውል ያገኘ ሁሉ ወዳጅ ነበር» የሚል ሊሆን አይገባውም። ነቀፌታው ሌላ ነው። በድንገተኛ ክፍል ታማሚ ሲበዛ ቅድሚያ የሚሰጠው በሕመሙ ክብደት እንጂ ማን እንደላከው ታይቶ አይደለም። ይህን መርህ ማንኛውም የድንገተኛ ክፍል ነርስ ያውቀዋል። አቅራቢ ሲበዛም የሚለይበት ሚዛን የዕቃው ጥራት፣ የመድረሻው ቀንና የሻጩ ብቃት መሆን ነበረበት። የጠቋሚው ማንነት ከእነዚህ ስለ አንዱም አይናገርም። መለየት ጥፋት አልነበረም፤ የመለያው ሚዛን ነበር ጥፋቱ።

ለማንም ጊዜ ያልቆጠበ ዝምታ

ሁለተኛው ጉድለት የበለጠ ያስተዛዝባል፤ ምክንያቱም በአስቸኳይነት ሊመካኝ አይችልም። ኦዲተሮቹ እንደገለጹት እስከ ሐምሌ መጨረሻ ከተሰጡትና ከ25,000 ፓውንድ በላይ ዋጋ ካላቸው 1,644 ውሎች ውስጥ በ90 ቀናት ውስጥ የታተሙት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እስከ ኅዳር 10 ቀን ድረስ ጨርሶ አልታተሙም ነበር። በየካቲት 2021 ፍርድ ቤቱ የጤና ሚኒስትሩ ውሎችን በ30 ቀናት ውስጥ ባለማሳወቃቸው ሕግ ጥሰዋል ሲል ወሰነ።

የመንግሥት መከላከያ ሠራተኞች ሥራ በዝቶባቸው ነበር የሚል ነው። እውነት ነው፤ በዝቶባቸው ነበር። ነገር ግን ውል ማሳተም የሚመጣው ከተፈረመ በኋላ ነው። አንዲት ጓንት እንኳ በዚህ ምክንያት አትዘገይም። በአንጻሩ ዋጋው፣ የሻጩ ስምና የዕቃው ዓይነት በወቅቱ ቢታወቅ ኖሮ የተሳሳተውን ግዥ የሚያርም ሰው ከውጭ ይገኝ ነበር፤ ሁለተኛው ስህተት ሳይደገም በፊት።

የተገዛው ዕቃና የሚለብሰው ሰው

የነገሩ ክብደት የሚታየው ዕቃው ሣጥኑ ሲከፈት ነው። ከአንድ ኩባንያ ተገዝተው የመጡ 50 ሚሊዮን የመተንፈሻ ማስኮች ጆሮ ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ያላቸው ሆነው ተገኙ። ራስን ዙሮ የማይታሰር ማስክ ፊት ላይ በሚገባ ስለ መግጠሙ እርግጠኛ መሆን ስላልተቻለ በሆስፒታሎች ጥቅም ላይ ሳይውል ቀረ። ለገንዘብ ያዥ ይህ የማሰሪያ ጉዳይ ነው። የሳምባ ሕሙማንን ለሚያስታምም ሐኪም ግን ማስክ በጫፉ አየር ካስገባ ማስክ አይደለም። ውሉ ከመፈረሙ በፊት አንድ የሚጠቀምበት ባለሙያ ናሙናውን ፊቱ ላይ አድርጎ ቢያየው ኖሮ መልሱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኝ ነበር።

የጋውኑ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። በሰኔ 2020 ፒፒኢ ሜድፕሮ ከተባለው ኩባንያ ጋር 25 ሚሊዮን የቀዶ ሕክምና ጋውን እንዲቀርብ በ122 ሚሊዮን ፓውንድ ውል ተፈረመ። ጋውኖቹ መጡ፤ ግን አንዱም አልተለበሰም። ጥቅምት 1 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ ኩባንያው ጋውኖቹ ተቀባይነት ባለው ሂደት ከጀርም የጸዱ ስለመሆናቸው ማስረጃ አላቀረበም በማለት ገንዘቡን እንዲመልስ ወሰነ። ውሉ ከተፈረመ ከአምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው፤ ኩባንያውም በዚያን ጊዜ ሀብቱ በአስተዳዳሪዎች እንዲያዝ ጠይቆ ነበር። በሩጫ የተከፈለ ገንዘብ በሩጫ አይመለስም።

በጠቅላላው የጤና ሚኒስቴሩ በ2020/21 የበጀት ዓመት ሂሳቡ ለመከላከያ አልባሳት ከወጣው 12.1 ቢሊዮን ፓውንድ ውስጥ የ8.7 ቢሊዮኑን ዋጋ ከመዝገብ ሰርዟል። እዚህም ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ ከዚህ ውስጥ ትልቁ ክፍል፣ 4.7 ቢሊዮን ያህሉ፣ የገበያው ዋጋ በመውረዱ የታጣ እንጂ የተበላሸ ዕቃ አይደለም። ጨርሶ ለምንም የማይሆነው 0.67 ቢሊዮን፣ ለጤና አገልግሎቱ የማይስማማው ደግሞ 2.6 ቢሊዮን ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን የገበያ ጥፋት አይደሉም። ከመክፈል በፊት «ይህ ዕቃ ለማን ነው? ምንስ ይሠራበታል?» ተብሎ ካለመጠየቅ የመጡ ናቸው።

ድንገተኛ ያልነበረው ድንገተኛ

ከሁሉም በላይ ሊሰመርበት የሚገባው ግን ከወረርሽኙ በፊት የሆነው ነው። ብሪታንያ ለወረርሽኝ የሚሆን ክምችት ነበራት፤ ክምችቱ የተዘጋጀው ለኢንፍሉዌንዛ ነበር። በሰኔ 2019 የመንግሥት የሳይንስ አማካሪዎች ጋውን በክምችቱ ውስጥ እንዲጨመር መክረው ነበር፤ ወረርሽኙ ሲገባ ግን በክምችቱ ውስጥ ጋውን አልነበረም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2020 ባሉት ወራት መንግሥቱ 32 ቢሊዮን የመከላከያ ዕቃዎችን በ12.5 ቢሊዮን ፓውንድ ገዛ። ኦዲተሮቹ በ2019 ዋጋ ቢሆን ኖሮ ያው ዕቃ 2.5 ቢሊዮን ያህል ብቻ ይፈጅ እንደነበር አስልተዋል።

ቫይረሱን ማንም አስቀድሞ አላወቀውም፤ የጋውኑን እጥረት ግን የሚያውቁ ነበሩ። ሕጉ «ገዢው ሊገምተው የማይችል» የሚለውን ቃል ያስቀመጠው በከንቱ አይደለም። በሰላሙ ጊዜ ያልተገዛ ዕቃ በጭንቁ ጊዜ «አስቸኳይ» ተብሎ ሲገዛ ሕጉ የቸልተኝነት መሸፈኛ ይሆናል። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለዚህ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ

ጉዳዩ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮቪድ 19 በኢትዮጵያ መገኘቱ ሲገለጽ በሥራ ላይ የነበረው የፌዴራል መንግሥት የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649/2001 ግልጽ ጨረታን ዋና መንገድ አድርጎ፣ ውስን ጨረታን፣ የዋጋ ማቅረቢያንና ከአንድ አቅራቢ የሚፈጸም ግዥን በልዩ ሁኔታ ይፈቅድ ነበር። መዘግየት ከባድ ችግር የሚያስከትል ሲሆንም የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አስቸኳይነቱን ወስኖ በቀጥታ ማስገዛት ይችል ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ቢተካም ጥያቄው ያው ነው፤ በሩ አለ፣ በበሩ የሚገባው ምን ይሁን?

ብሪታንያ ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሰጠችው ከጉዳቱ በኋላ ነው። ከየካቲት 24 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የግዥ ሕግ በአስቸኳይነት ቀጥታ ግዥ መፈጸምን አልከለከለም፤ ግን ውሉ ከመሰጠቱ በፊት ማስታወቂያ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ የጥቅም ግጭትንም አስቀድሞ መመርመርን ግዴታ አድርጓል። ሕግ አውጪው ከመከራው የተማረው በሩን መዝጋትን ሳይሆን በበሩ ላይ መብራት መስቀልን ነው።

የጤና ባለሙያው በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ ትንሽ አይደለም። ብዙዎች የቴክኒክ ኮሚቴ አባል መሆንን ከእውነተኛ ሥራ የሚያስተጓጉል ግዳጅ አድርገው ይቆጥሩታል። ስፔሲፊኬሽኑን ያለፈው ዓመት ወረቀት ገልብጦ ማስረከብ፣ ናሙናን ሳያዩ መፈረም፣ ዕቃው ሲደርስ የመጋዘን ኃላፊው ሞዴል 19 እስኪቆርጥ ድረስ ሣጥን አለመክፈት የተለመደ ነው። በችግር ጊዜ ግን የኦዲተሩ ምርመራ ከዓመት በኋላ፣ የፍርድ ቤቱ ብይን ከአምስት ዓመት በኋላ ነው የሚመጣው። ጉድለቱን በዕለቱ ሊያይ የሚችለው የሚለብሰው ሰው ብቻ ነው። ማስኩ በጫፉ አየር እንደሚያስገባ፣ ጋውኑ የጽዳት ማስረጃ እንደሌለው ለመናገር ሕግ ማወቅ አያስፈልግም፤ ሙያን ማወቅ ይበቃል።

ማጠቃለያ

የአስቸኳይ ጊዜ ግዥ ሊነቀፍ የሚገባው በፍጥነቱ አይደለም። ቀን ማሳጠር፣ ማስታወቂያን መተው፣ ከአንድ አቅራቢ መግዛት ሕይወት በሚያልፍበት ሰዓት ትክክል ሊሆን ይችላል። ሊተው የማይገባው ግን አራት ነገር ነው፤ ለምን በቀጥታ እንደተገዛ መጻፍ፣ ሻጩን ማን እንዳመጣው ሳይሆን ምን እንዳመጣ መመዘን፣ የሚጠቀምበትን ባለሙያ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከተፈረመ በኋላም ለሕዝብ መግለጽ ናቸው። ከእነዚህ ከአንዱም በስተቀር ሌሎቹ ጊዜ አይወስዱም፤ ጊዜ የሚወስደውም ናሙናውን ማየት ነው፤ እርሱም የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ያለ እነርሱ የተገዛው ዕቃ ግን በመጋዘን ሲቆጠር ሙሉ ነው፤ በታማሚው አጠገብ ሲፈለግ ግን የለም።